ሐጂ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ላይሰንስ

ሮቤ፣ ሐጂ ቃሲም ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሐጂ የጠየቁኝ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር። "ጫት ትቅሚያለሽ?" አሉኝ። አልቅምም አልኳቸው። "ከሰው ጋር ትጣያለሽ?" አሉ። እንደ ሰውየው ነው አልኳቸው። ሳቅ አሉና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው ወደ እህል መጋዘናቸው ሄዱ። ፍጥነቴን የለካ፣ የምስክር ወረቀቴን የገለጠ ማንም አልነበረም። ጎባ ለመንግሥት ታይፒስትነት ስፈተን ግን ፈታኙ ሰዓት ይዞ አናቴ ላይ ቆሞ ነበር፤ የተቀጠርኩትም ማስታወሻ ከመጻፍ ለማያልፍ ሥራ ነው።

እኔ የጎባ ልጅ ነኝ። የጎባ ሰው ሮቤ ትልቅ ከተማ መሆኗን አምኖ ለመቀበል ዛሬም ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። መሥሪያ ቤታችን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሮቤ ሲወርድ እኔም በየጠዋቱ ሚኒባስ ውስጥ እየተጠቀጠቅሁ አብሬ ወረድኩ። ከለውጡ በኋላ ደብዳቤው ሁሉ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል፣ ሲሆን ጣቶቼ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከሀ ጀመሩ። አለቃ መጣ፣ አለቃ ሄደ። በመጨረሻ አንዱ የሚስቱን እህት ወንበሬ ላይ ሊያስቀምጥ ሲያሟሙቅ ገባኝና ሳይገፋኝ ወጣሁ። እናቴ "የመንግሥት እንጀራ ረግጠሽ ነጋዴ ቤት!" ብላ አኮረፈችኝ። ስለዚህ ሐጂ ቤት ካልሆነልኝ የምመለስበት ወንበር አልነበረኝም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በታች የምሳሳቅበት ነገር ሁሉ ያኔ አላሳቀኝም።

ሐጂ የገብስና የስንዴ ነጋዴ ናቸው። ጽሕፈት ቤቱን የከፈቱት ልጃቸው "ባባ፣ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ የሚያስጽፍ ሰው ይበዛል" ብሎ ስላሳመናቸው ነው። አሳምኗቸው ሲያበቃ እሱ ራሱ ለትምህርት ጅማ ሄደ። ቤቱ ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ክፍል ነው። ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ የፎቶ ኮፒ ማሽንና ለደንበኛ አንድ አግዳሚ ወንበር አለን። የምንጽፈው የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የገበሬ አቤቱታ ነው። አቤቱታ የሚያስጽፍ ሰው ተናዶ ነው የሚመጣው። ስድቡን አውጥቶ ጉዳዩን ማስቀረት የታይፒስት ሥራ ነው፤ በየትኛውም ኮሌጅ ግን አይሰጥም።

ኮምፒውተሩ አዲስ ነበር። ከአዲስ አበባ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። ሻጩ "ሁሉ ነገር ተጭኖበታል፤ ሰክቶ መጻፍ ብቻ ነው" ብሏቸዋል። አልዋሸም፤ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። በየጠዋቱ ስከፍተው አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትልና "የኦፊስ ፕሮግራሙ ለሙከራ የተሰጠ ነው፤ ጊዜው እያለቀ ነው፤ ይግዙ" ትላለች። ለሐጂ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና "ገና በጠዋቱ ልመና! ዝም በይው" አሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ልመናው ቆመ። ከጎሮ የመጡ አንድ አዛውንት የመሬት ይግባኛቸውን ሊያሳርሙ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ፋይሉን ከፈትኩት፤ ተከፈተ። ላርም ብል ፊደል አይገባም። ከላይ ያሉት ትእዛዞች ሁሉ ደብዝዘዋል። ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ አይቻልም።

"ማል ተኤ፣ ምን ሆነ?" አሉኝ አዛውንቱ።

"ጊዜው አልፏል አባባ።"

"የይግባኙ?" ብለው ከአግዳሚው ብድግ አሉ። የኮምፒውተሩ ነው ብዬ አስቀመጥኳቸውና ይግባኙን በእጄ ገልብጬ ሰጠኋቸው። ሲወጡ "የእጅሽ ጽሑፍ ይሻላል፤ ለምን በማሽን ትደክሚያለሽ?" አሉኝ። ሐጂ በር ላይ ቆመው ይህን ሰሙ። አልተመቸኝም።

"ብርቄ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ማሽኑ ምን ሆነ?" አሉኝ።

ማሽኑን እንደ ገዙት፣ ውስጡ ያለው መጻፊያ ግን ለሙከራ ብቻ እንደ ተሰጣቸው አስረዳሁ።

"በሬ ሸጬልህ ጉልበቱን ለሙከራ ነው የሰጠሁህ ይባላል?"

"በኮምፒውተር ይባላል ሐጂ።"

ጃፋርን ጠራነው። ጃፋር የሮቤ የኮምፒውተር ሐኪም ነው። እንደ ክታብ በክር አንገቱ ላይ ፍላሽ ያንጠለጥላል። የታመመ ኮምፒውተር ባለበት ሁሉ ይደርሳል፤ ጤነኛውንም ሲነካው ስለሚታመም ሥራ ፈትቶ አያውቅም። "ቀላል ነው" አለ። "ሰብሬ እከፍተዋለሁ። ዋጋው አንድ ለስላሳ።"

"የማን ነው የምትጭነው?" አሉት ሐጂ።

"የማንም አይደለም ሐጂ። ከተማው በሙሉ በዚህ ነው የሚጽፈው።"

"የማንም ያልሆነ ነገር አላህ አልፈጠረም" አሉና ለዙህር ሶላት ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጧል። መስጊድ ሼኹን ጠይቀው ነበር። ሼኹ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ?" ሐጂ "አልፈቀደም" ሲሉ ሼኹ "እንግዲያውስ ምን ትጠይቀኛለህ?" ብለው ጫማቸውን ፍለጋ ሄዱ።

ለስላሳውን ለጃፋር ገዙለትና አሰናበቱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሐላሉን ፈልጊ። ከተገኘ እገዛለሁ። ካልተገኘ አዝመራው ሲሰበሰብ ይህን ክፍል ገብስ አስገባበታለሁ። ገብስ ላይሰንስ አይጠይቅም።" ሐጂ አይቀልዱም ነበር። መጋዘኑ በየዓመቱ ይጠባቸዋል፤ ግድግዳውን የሚያፈርስ ሰው እንኳ አናግረው እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

አዲስ አበባ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው የአከፋፋዩ ሠራተኛ ድምፁ ገና ጢም ያላበቀለ ዓይነት ነው፤ ሥራውን ግን ያውቃል።

"ሦስት ዓይነት ላይሰንስ አለ" አለኝ። "አንደኛው ከማሽኑ ጋር የሚታሰር ነው። ርካሽ ነው፤ ዕድሜ ልክ ይሠራል።"

"የማን ዕድሜ?"

"የማሽኑ።"

"ማሽኑ ከሞተስ?"

"አብሮ ይሞታል።"

"ሁለተኛውስ?"

"በካርቶን የሚሸጠው ነው። ማሽን ከቀየርሽ ከአሮጌው አውጥተሽ አዲሱ ላይ ትጭኚዋለሽ። በአንድ ጊዜ ግን አንድ ማሽን ላይ ብቻ። ዋጋው ከፍ ይላል። ሦስተኛው ለትልልቅ ድርጅቶች ነው፤ ስንት ኮምፒውተር አላችሁ?"

"አንድ።"

"እንግዲያውስ ሦስተኛውን አልጠራሁትም።"

ሐጂ ነጋዴ ናቸውና ጆሯቸው ርካሹ ላይ ቀረ። እኔ ደግሞ የባሌን መብረቅ አውቀዋለሁ። ጎባ ሳለሁ አንዱ የዝናብ ወራት ሁለት ኮምፒውተርና አንድ የአለቃ ቴሌቪዥን አቃጥሎብናል። ለቴሌቪዥኑ ነበር ኮሚቴ የተቋቋመው። "ሐጂ" አልኳቸው፣ "ርካሹን ከገዙ ማሽኑ በሞተ ቀን ላይሰንሱንም አብረው ይቀብሩታል።"

ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "እኛ ሟች የምንቀብረው በከፈን ብቻ ነው። ዕቃ አብረን አንቀብርም። ሁለተኛውን አምጪ።"

ካርቶኑ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መጣ። ውስጡ ዲስክና ረጅም ቁጥር የታተመባት ካርድ ነበረች። ጫንኩት፣ ቁጥሩን አስገባሁት፣ ተቀበለኝ። ፊደሉ እንደ ጎርፍ ገባ። ሐጂ ስሜን ጻፊ አሉኝና በትልቅ ፊደል ጻፍኩላቸው። አሳትመው ለሚስታቸው ወሰዱላቸው።

በማግስቱ ስገባ ካርዷ የለችም። ቀና ስል ግድግዳ ላይ፣ ከንግድ ፈቃዱ ጎን፣ በመስተዋት ፍሬም ተሰቅላለች። ከነቁጥሯ!

በእኛ አገር ፈቃድ ማለት የሚሰቀል ነገር ነው። ሥጋ ቤቱም፣ መድኃኒት ቤቱም፣ ሻይ ቤቱም ፈቃዱን ለሚገባ ሰው ሁሉ በሚታይ ቦታ ይሰቅላል፤ ያልሰቀለ ይጠየቃል። ሐጂ ደግሞ ከተማው ውስጥ ብቸኛውን ሕጋዊ ኦፊስ የገዙ ሰው ናቸው። ሊያሳዩት ፈለጉ፤ ይፈረድባቸዋል?

"ሐጂ፣ ቁጥሩ መታየት የለበትም። ይህ እንደ ቤት ቁልፍ ነው" አልኳቸው።

"የምን መደበቅ? ፈቃዱን የሚደብቅ ሌባ ነው።"

"ቁጥሩን እንኳ በወረቀት ልሸፍነው።"

"ቁጥሩ ከተሸፈነማ ማን ያምናል?" አሉ። በዚህ አልሸነፍላቸውም ብዬ ብዙ ተከራከርኩ። ቤቱ የእሳቸው ነው፣ ምስማሩም የእሳቸው ነው፤ ካርዷ ተሰቅላ ቀረች።

ጃፋር ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አበዛ። "አካም ቡልቴ ብርቄ" ይላል፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ግድግዳውን ያያል። አንድ ቀን ብዕር ተዋሰኝ። መዳፉ ላይ ሲጽፍ የሴት ልጅ ስልክ መስሎኝ ዝም አልኩ።

የዝናቡ ወራት ሊወጣ ሲል መብረቁ መጣ። የሮቤ ሜዳ ጨልሞ አንድ ጊዜ ቦግ አለ፣ አምፖሉ ፈነዳ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ወጣ። ሞተ። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ "አዩ ሐጂ፣ የሚዛወረውን የገዛነው ለዚህ ነው" አልኩ። ሐጂ ያገለገለ ማሽን ገዙ። ፕሮግራሙን ጫንኩ፣ ወደ ግድግዳው ቀና ብዬ ቁጥሩን አስገባሁ።

እምቢ አለኝ። ይህ ቁጥር ከተፈቀደው በላይ ተጭኗል፤ በስልክ ያነጋግሩን ይላል። ደግሜ ሞከርኩ። እምቢ።

ደረቴ ያኔውኑ ተነፈሰ። የለቀቅሁትን የመንግሥት ወንበር፣ ያኮረፈችኝን እናቴን አሰብኩ። በዚያው ሳምንት የገብስ ጆንያ መግባት ጀመረ። መጀመሪያ ጥግ ላይ ተደረደረ፤ ከዚያ አግዳሚውን ገፋው፤ ከዚያ ፎቶ ኮፒው አጠገብ ደረሰ። ሐጂ ምንም አይሉኝም። ጆንያው ግን እየተናገረ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለእናቴ ጉንፋን ነው አልኳት።

ሌባውን ለማወቅ ብዙ አልደከምንም። ከዲንሾ የመጣ አንድ ባለ ሱቅ ግድግዳውን አይቶ "ኦ! ይህችን ቁጥር አውቃታለሁ፤ ጃፋር እኔ ማሽን ላይ ያስገባት ናት" አለ። ጎሮና ጎባም እንዳስገባት ጨመረልን። ደስ ብሎት ነው የነገረን፤ ዘመድ ያገኘ ይመስል ነበር።

ሐጂ ፖሊስ አልጠሩም። ጃርሳ፣ የአገር ሽማግሌ፣ ጠሩ። ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው፣ አግዳሚው ጆንያ ስለተጫነበት፣ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ጃፋር ፍላሹን ሸሚዙ ውስጥ ሸሽጎ በር ላይ ቆመ።

"ምን ሰረቀህ?" አሉ ዋናው ሽማግሌ፣ አባ ቱራ የሚባሉት።

"ይህችን" አሉ ሐጂ ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ።

አባ ቱራ ቀና ብለው አዩ። "እዚያው አለች እኮ።"

"አዎ፤ ግን ሰርቋታል።"

"እዚያው ካለች ምኑን ነው የሰረቀው?"

ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሐጂ ላባቸውን ጠረጉ። ጃፋር ነፍስ ዘራ፤ "እኔ ምስማሩን እንኳ አልነካሁም!" አለ። ነገሩ ሊበላሽ ነው አልኩና ሳልጠየቅ ገባሁበት።

"አባ ቱራ፣ ሆራ የሚወርደው በተራ አይደለም?" አልኳቸው። ሆራ ከብት ጨው ያለበትን ውኃ የሚጠጣበት ምንጭ ነው፤ በባሌ የሆራ ተራ የሚነካ ሰው ዕድሜው አጭር ነው።

"በተራ ነው።"

"ሐጂ ተራ ገዙ። ለአንድ ከብት ብቻ። ጃፋር በሐጂ ተራ የዲንሾን ከብት፣ የጎሮን ከብት፣ የጎባን ከብት አስገባ። ሐጂ የራሳቸውን ከብት ይዘው ሲመጡ ተራህ አልቋል ተባሉ።"

አባ ቱራ ከጆንያው ላይ ብድግ አሉ። "በሰው ተራ?" አሉ። ወደ ጃፋር ዞሩ። "በሰው ተራ?! ይህማ ከሌብነት ይከፋል!" ጃፋር ሸሚዙ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው።

ፍርዱ አጭር ነበር፤ ካሣ የለም፣ እስር የለም። ጃፋር ያስገባውን ከብት ሁሉ ያስወጣል። ያስገባበትን ቦታ አንድ በአንድ አስማሉት። በራሱ ገንዘብ በሚኒባስ ዲንሾ ሄደ፣ ጎሮ ሄደ፣ ጎባ ወጣ። በየሱቁ ሲያጠፋው ሰዎቹ ሰደቡት፤ አንዷ የጎባ ባለ ሱቅ በጫማ አባረረችው። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። "አንድ ቀረ" አለ። "እዚህ ሮቤ ነው። እሱን አልችለውም።"

የቀረው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ማሽን ነበር። ስሙ ይቅርብኝ። ጃፋርን "እኛ ለሕዝብ ነው የምንሠራው፤ ንብረቱም የሕዝብ ነው" ብሎ መልሶታል። ሐጂ ራሳቸው ሄዱ፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ኃላፊው ያንኑ ደገመላቸው።

"ሕዝቡ እኔ ነኝ" አሉ ሐጂ። "አልፈቀድኩም።" ይህን ብለው የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጡና መስበሐቸውን፣ የጸሎት ዶቃቸውን፣ መቁጠር ጀመሩ። በማግስቱም ሄደው ተቀመጡ። የሚገባው ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው ነው፤ "ሐጂ፣ ምን ሆነው ነው?" ይላል። "የሰው ተራ የያዘ ሰው አለ፤ እየጠበቅኩት ነው" ይላሉ፣ ስም ሳይጠሩ። ብዙ አልፈጀም። ኃላፊው ራሱ ጃፋርን አስጠርቶ "ና፣ ይህን ነገር ንቀልልኝ" አለው። ከዚያ በኋላ ያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን የት ያስጽፍ እንደነበር ልንገራችሁ? እኛ ጋ። በየደብዳቤው ደረሰኝ እየጠየቀ።

የቀረው ስልኩ ነበር። ማሽኑ ያሳየንን ቁጥር ደወልን። የሚያናግሩን በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ለደብዳቤ መግቢያና መዝጊያ ይበቃል፤ መሐሉ የለኝም። ሐጂ ስልኩን ተቀበሉኝ። ዓረብኛቸው የኪታብ ቤት ነው፤ ሐጅ ሲሄዱ ትንሽ አሟሽተውታል። ወዲያ ማዶ ያለችው ሴት ሰላምታቸውን አስደግማ ሰማች፤ እንደዚያ ያለ ዓረብኛ የሰማችው ጁምዓ ኹጥባ፣ የዓርብ ስብከት፣ ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ረጅም ቁጥር በአማርኛ አነባለሁ፣ ሐጂ በዓረብኛ ያስተላልፋሉ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርን። በመጨረሻ ሐጂ ስልኩን በእጃቸው ሸፈኑና "በስንት ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው ትላለች" አሉኝ።

"አንድ ይበሉ! አንድ ብቻ!"

"ዋሒድ" አሉ። እፎይ ልል ስል "ነገር ግን..." ብለው ቀጠሉ። ሁሉንም ነገሯት። ዓረብኛ ባላውቅም ጃፋርን ሰማሁ፣ ዲንሾን ሰማሁ፣ አባ ቱራን ሰማሁ። በእጄም በዓይኔም ለመንኳቸው። "ሐጂ፣ ይተዉት! ይከለክሉናል!" አልኳቸው። አልተዉትም። ከጀርባዬ ጆንያው ወንበሬን ነክቷል። ሠላሳ ዓመት ጽፌ በአንድ ሐቀኛ ሰው ልባረር ነው ብዬ በልቤ ረገምኳቸው፤ እውነቴን ነው፣ ረገምኳቸው።

ሴትዮዋ አንድ ነገር ጠየቀች። ሐጂ ቀጥ ብለው "ወላሂ" አሉ። እሷም አንድ ነገር መለሰች። ከዚያ ቁጥር መናገር ጀመረች።

"ጻፊ!" አሉኝ። እሳቸው በአማርኛ እየነገሩኝ ጻፍኩ። የመጨረሻውን ስመታ ደብዝዘው የነበሩት ትእዛዞች ሁሉ ደመቁ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ሐጂ ወደ መንገዱ ዞረው ያላዩ መሰሉ።

"ምን ብላ ጠየቀችዎት?" አልኳቸው ቆይቼ።

"'ሁሉንም አስወጥታችኋል?' አለችኝ። ወላሂ ስላት 'እኔ ጋ የሚደውለው ሁሉ አንድ ነው ይለኛል፤ የነገረኝ ሰው ግን የለም' አለች።" ከዚያ ጎረምሶች ጠርተው ጆንያውን አስወጡ።

እዚያ ቤት ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ለእናንተ ለአሁኖቹ የምላችሁ ይህችን ነው። ፕሮግራም ስትገዙ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው የሚዛወረውን ግዙ፤ ይወደዳል፣ ግዙት። ማሽን ስትቀይሩ ከአሮጌው ማውጣታችሁን አትርሱ። ቁጥሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት፤ የመሳቢያውንም ቁልፍ ለአለቃችሁ አትስጡ።